«አሸክሙኝ» ያላለች ሴት

«እቴ ዘሐራ እኮ አለፈች፤ አልሰማህም?» ያለችኝ ውሃ ተሸክማ በሱቄ ደጃፍ የምታልፍ ሴት ናት። ጠዋት ነው፤ የሱቄን ላሜራ በር ወደ ላይ እየገፋሁ ነበር። ሴትዮዋ ቆም ብላ ጎኗ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ሳብ አደረገች። ከጀርባዋ አራት ቀጫጭን እግሮች ወርደው መሬት ነኩ። ከማንገቻው ወጣችና ጀሪካኗን እንደ ወንበር እዚያው አቁማ ላቧን ጠረገች። ትናንት ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው የቀበሯት አለችኝ።

«ይኼን ከየት አገኘሽው?» አልኳት፣ ጀሪካኑ የተቀመጠበትን ነገር እያሳየኋት።

«ከገበያ ነዋ!» አለች። ሰው ሞተ ሲሉት ስለ ዕቃ የሚጠይቅ ወንድ ገጥሟት አያውቅ ይሆናል፤ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ክንዶቿን በማንገቻው አስገባች፤ ቀና ስትል ገመዱን ሳበችው፤ እግሮቹ ተጣጠፉ። መንገዷን ቀጠለች። የሟቿን ስም ታውቃለች፤ ጀርባዋ ላይ ያለው የሟቿ የእጅ ሥራ መሆኑን ግን አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። የኔ ማወቅ ለእቴ ዘሐራ አንድም ቀን አልበጃትም፤ እንዲያውም የጎዳኋት እኔ ነኝ። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ስለዚሁ ነው።

ቆቦ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የምታስቸግር ፕሪንተር፣ ለደንበኛ የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር። ሥራዬ አቤቱታ መጻፍ ነው። የድንበር ክርክር፣ የውርስ፣ የጡረታ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል። ከዋጃም ከሮቢትም በሚኒባስ ተሳፍረው «ለታደሰ ካልነገርነው» እያሉ የሚመጡ አሉ። እንዳልዋሽ፣ ይህ ልቤን አሳብጦት ነበር። የኔ ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ኃላፊው ቀና ብሎ ይቀመጣል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

እቴ ዘሐራ መጀመሪያ የመጣችው በዚያ ዘመኔ ነው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ዕድሜዋ ስድሳን የተጠጋ፣ ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች ሴት። ቤቷ ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲኬድ ከአስፋልቱ በስተቀኝ ገባ ብሎ ነው። ሙሉ ጀሪካን እንደ ተሸከመች ሰተት ብላ ገባች። ልጇ ከዲጃ ከኋላዋ ነበረች። ገመዱን ሳበች፣ እግሮቹ ወረዱ፣ ከሥሩ ወጣች። ጀሪካኑ በሱቄ መሐል ቆመ።

«አንተ ነህ ወረቀት ጻፊው?»

«እኔ ነኝ እማ። የመሬት ጉዳይ ነው?»

«የመሬትስ አይደለም። ይኼን የሠራችው ዘሐራ ናት ብለህ ጻፍልኝ።»

«ለማን ነው የሚጻፈው?»

«እሱን አንተ እወቅ። እኔ ይኼን አውቄ ሠራሁ፤ አንተ ደግሞ ያንን እወቅ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አግዳሚ ወንበሬ ላይ ከመቀመጧ በፊት በእጇ ነቅነቅ አደረገችው፤ አንድ እግሩ አጥሮ ይወዛወዝ ነበር። «እስኪ የተበላሸ ወረቀት ስጠኝ» አለችና አራት አምስት ጊዜ አጥፋ ከእግሩ ሥር ሸጎጠችው። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠችው። ይህ አመሏ እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም። የባጃጅ መቀመጫ፣ የሰው ቦርሳ ማንገቻ፣ የአህያ ጠፍር፣ ዓይኗ ያረፈበትን ማሰሪያ ሁሉ ሳብ አድርጋ ሳትሞክር አታልፍም። ባሏ በሕይወት ሳለ ለአህያና ለግመል ጭነት የሚሆን መደላድልና ጠፍር ይሠራ ነበር፤ የምትሰፋለት እሷ ነበረች። ጭነት የት ሲያርፍ እንደሚከብድ፣ የት ሲያርፍ እንደሚቀል ከእንስሳ ጀርባ ላይ ተምራዋለች።

በእኛ አገር ውሃ የምትቀዳ ሴት ጀሪካኗን ከሞላች በኋላ የምትለው ቃል አንድ ነው፤ «አሸክሙኝ»። ሃያ አምስት ሊትር ከመሬት አንሥቶ ለብቻ ጀርባ ላይ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ አንዷ ሌላዋን ታሸክማለች፣ ያቺ ደግሞ ቀጣይዋን። ወረፋው እንዲህ እያለ ያልቃል። መጨረሻ ላይ የምትቀረው ሴት ግን አሸካሚ የላትም። እቴ ዘሐራ አንድ ቀን፣ በወጣትነቷ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና መጨረሻ ቀረች። ፀሐዩ በረታባት። ቤት ውስጥ ውሃ የለም። ጀሪካኑን በጉልበቷ ደግፋ አነሣችው። በነጋታው ልጁን አጣችው። የበኩር ልጇ ነበር።

«ማንንም አላማሁም» አለችኝ፣ ይህን ስትነግረኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ። «አላህ ያለው ነው። ጀሪካኑን ግን አማሁት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ስታስብ ኖረች። መላውን ያገኘችው ከአፋር በኩል የሚመጡ ግመሎች ሲጫኑ ቆማ ስታይ ነው። «ግመል ሲጫን ይንበረከካል» ትላለች፣ በመዳፏ እያሳየች፤ «ጭነቱ ወደሱ አይወጣም፤ እሱ ነው ወደ ጭነቱ የሚወርደው። ሴት ግን ጭነቱን ከመሬት ታነሣለች። እኛ ከግመል እናንሳለን?» ነገር ግን ሴት ከተንበረከከች ወገቧ አያነሣትም። ስለዚህ እቴ ዘሐራ ነገሩን ገለበጠችው፤ ጭነቱ ራሱ ከፍ ብሎ ይጠብቀኝ አለች። ከበር ማጠፊያ፣ ከእንጨትና ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የሚታጠፍ እግር ሠራች። ባዶው ጀሪካን በወገብ ቁመት ይቆማል፤ በቧንቧው ጎማ ቆሞ እንዳለ ይሞላል፤ ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትገባበታለች። ስንት ጊዜ እንደተሰበረባት፣ ስንት ጊዜ ውሃው እንደተደፋባት ከዲጃ ናት የምትናገረው። እሷ ስለተሰበረው አታወራም ነበር።

ጎረቤት አየና ጠየቀ፤ ሠርታ ሰጠች። የጎረቤት ጎረቤት ጠየቀ፤ እንዴት እንደሚሠራ አሳየች። መጀመሪያ ሰው ሁሉ «የዘሐራ እግር» ይለው ነበር። እየራቀ ሲሄድ ስሙ ተራገፈ። አንድ ጊዜ ለዘመድ ለቅሶ ሮቢት ሄደች። ከውሃ ቦኖው አጠገብ አንዲት ወጣት ሴት ያንኑ ዕቃ ተሸክማ አየች። «እንዴት ነው ይኼ?» ብላ ጠየቀቻት፣ እንዲያው ለጨዋታ። ልጅቷ በትሕትና አወረደችና አሳየቻት። «እዚህ ጋ ትስቢዋለሽ እማ፤ አትፍሪ። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ እዚያ የተማሩ ሰዎች የሠሩት ነው» አለቻት። እቴ ዘሐራ አመስግና ተለየቻት። መንገዱን ሁሉ ስትስቅ ነበር አለችኝ፤ ቆቦ ስትደርስ ግን ሳቋ አለቀ። በማግሥቱ እኔ ዘንድ መጣች።

ለማን እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ማለት ግን ሞት ሆነብኝ። ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። የፈጠራ ባለቤትነት የሚባል መብት እንዳለ፣ ፓተንት እንደሚባል፣ በሌላው ዓለም ድሮ ድሮ ለቤትና ለመንገድ የሚሆን ዕቃ ፈጥረው በስማቸው ያስመዘገቡ ሴቶች እንደነበሩ አነበብኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እሷና ከዲጃ ሲመጡ እነዚያን ሴቶች አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አልዋሽም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አውርቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የነገርኳት የሰሀን ማጠቢያ ማሽን ስለፈጠረችው ሀብታም ሴት ነው። ሠራተኞቿ ውድ ሰሀኖቿን እየሸረፉ ቢያስቸግሯት ማሽን ሠራች አልኳት።

«ለሰሀን?» አለች እቴ ዘሐራ። «ውሃውን ማን አመጣላት?»

ከዲጃ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ወደሚቀጥለዋ አለፍኩ። በረዶ እየወረደ ሹፌሩ መስታወቱን ለመጥረግ ሲቸገር አይታ፣ ከውስጥ ሆኖ የሚጠርግበትን ዘንግ ያሰበችው ሴት። ወረቀቷን አገኘች፤ ነገር ግን የሚገዛላት አላገኘችም፤ አይጠቅምም አሏት። የመብቷ ዘመን ካለፈ በኋላ መኪና ሁሉ አደረገው። አንድም ነገር አላገኘችበትም።

«ያ መኪና ሁሉ ላይ ያለው መጥረጊያ?»

«እሱ ራሱ።»

ወደ መንገዱ ዞራ የሚያልፈውን ሚኒባስ አየች። «ስሟስ? ስሟ አለ?»

«አለ። እኔም ያነበብኩት ስለተጻፈ ነው።»

«በቃ» አለች። «በቃ ምን ጎደላት!»

ከሁሉ የወደደቻት ግን የወረቀት ከረጢቷን ሴት ነው። መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነ የወረቀት ከረጢት የሚሠራ ማሽን ፈጥራ፣ ናሙናውን ስታሠራ አንድ ሰው አየውና የኔ ነው ብሎ ቀድሟት አስመዘገበ። ሴት ይህን ልታስብ አትችልም አሉ። እሷ ግን ሥዕሎቿን ይዛ፣ ሲሠራ ያዩ ምስክሮች አቅርባ ተከራከረች፤ አሸነፈች። እቴ ዘሐራ ይህን ስትሰማ ከወንበሩ ተነሣች። «እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!» አለች፣ ሴትዮዋ በሕይወት እንዳለች ሁሉ። ከዚያም ዝግ ብላ ጠየቀችኝ፤ «ማን ጻፈላት?»

«ራሷ ሳትሆን አትቀርም።»

«እኔ ደግሞ አንተ አለህልኝ» አለች።

የኔ ስሕተት የተጀመረው ከዚያች ከረጢት ነው። እኔ ከታሪኩ የያዝኩት «ምስክር» የምትለዋን ቃል ነው። የመሬት አቤቱታ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ በእኛ ዘንድ የያዝከው ነገር ያንተ መሆኑ የሚታወቀው ጎረቤት ሲመሰክርልህ ነው። ይኼን ያህል ዓመት አርሶታል፣ ይኼን ያህል ዓመት አጥሮታል፣ እናውቃለን፣ እንመሰክራለን። ዓመቱ በበዛ ቁጥር ክርክሩ ይጠነክራል። እቴ ዘሐራ ግን አልጣማትም ነበር።

«ለምን ምስክር? እኔ ሠርቼው?» አለችኝ።

«አብሽሪ እቴ። ያለ ምስክር ወረቀት ባዶ ነው። ይኼን ለኔ ተይው።»

ተወችልኝ። ባለ ሐምራዊ ቀለም ማኅተም መርገጫዬን ይዤ በባጃጅ ወደ መንደሯ ሄድኩ። ቦኖው አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ተሰለፉ። «ሦስት ዓመት ተሸክሜበታለሁ በልልኝ» አለች አንዷ። ሌላዋ «የኔ አራት ሊሆነው ነው፤ ሁለት ልጅ ወልጄበታለሁ፤ እሱንም ጻፈው» አለች። ሁሉንም ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሙሉ የአውራ ጣት ምልክት ተሞላ። ሱቄ እስክመለስ ሳልጠብቅ፣ እዚያው በጠራራ ፀሐይ፣ የማመልከቻውን ዋና አረፍተ ነገር በቃሌ አቀናበርኩ፤ «ይህ ፈጠራ ከሦስት ዓመት በላይ በመንደራችንና በአጎራባች ቀበሌዎች በሕዝብ ሲሠራበት ቆይቶ ጠቃሚነቱ በተግባር የተረጋገጠ በመሆኑ…» ወደድኩት። ለእቴ ዘሐራ ሳነብላት እሷም ወደደችው። ከግርጌው ጣቷን አሳረፈች፤ ወደ አዲስ አበባ ላክነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንዳንዴ መንገዱ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ኔትወርክ ይጠፋል። ቆቦ የኖረ ሰው ይህን አስረዳኝ አይልም። እሷ በየገበያው ቀን ትመጣለች፤ «መጣ?» ትላለች፤ «አልመጣም» እላለሁ፤ ወንበሩን ነቅነቅ አድርጋ ትቀመጣለች። መንገዱ ሲከፈት መልሱ መጣ። ፖስታውን ብቻዬን ነው የከፈትኩት። እንዲህ ይላል፤

«ወይዘሮ ዘሐራ ያለ ሌላ ሰው ርዳታ ውሃ ለመሸከም የሚያስችል፣ የሚታጠፉ አራት እግሮች ያሉት የጀሪካን መሸከሚያ ፈጥረው የባለቤትነት መብት እንዲሰጣቸው ማመልከታቸው ይታወቃል። ከቀረበው ማብራሪያና ሥዕል ለመረዳት እንደተቻለው መሸከሚያው ጠቃሚና በሥራ ላይ ሊውል የሚችል ነው። ሆኖም በማመልከቻው እንደተገለጸውና በምስክሮች ቃል እንደተረጋገጠው፣ መሸከሚያው ማመልከቻው ከመቅረቡ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ በሕዝብ ሲሠራበት የቆየ ስለሆነ የአዲስነትን መስፈርት አያሟላም። በመሆኑም ጥያቄውን ለመቀበል ያልተቻለ መሆኑን እንገልጻለን።»

ከግርጌው ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። ደጋግሜ አነበብኩት። የኔን አረፍተ ነገር መልሰው ለኔው ነው የላኩልኝ። ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው ሴት ጨዋ ነበረች፤ አላመናጨቀችኝም። አዲስ የሚባለው ሕዝብ ዘንድ ሳይደርስ የቀረበ ነው፤ ከደረሰም ወዲያው ማመልከት ነበረባቸው፤ አሁን ብዙ ዘገየ አለችኝ።

«እመቤቴ፣ እዚህ ዕቃ የሚሠራው ደጅ ላይ ነው። ጎረቤት ሳያይ እንዴት ይሠራል?» አልኳት።

«ይገባኛል» አለች። «ግን እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት።»

ልነግራት ቆርጬ ነበር። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ ቆርጬ ነበር። በገበያው ቀን መጣች። አፌን ከመክፈቴ በፊት «ወረቀቱ ስንት ስንዝር ይሆናል?» አለችኝ። ለምን ብላት፣ ቤቷን ልታስለስን ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ቦታ ልትተውለት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ነጭ ወረቀት አንዱን አነሣች፤ በስንዝሯ ለካችው፤ ለከዲጃ አሳየቻት። «መጣ?» አለች ከዚያ።

«እየታየ ነው» አልኳት።

«ይታይ» አለች ደስ ብሏት። «ሲያዩት ነው የሚገባቸው።»

ደብዳቤው በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጉልበቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «እየታየ ነው» የምትል ቃል አፌ ላይ ተጣበቀች። ስንት ጊዜ እንዳልኳት አልቆጠርኩም። ሰው አንድ ጊዜ ሲዋሽ ሁለተኛው የሚቀለው ይመስለዋል፤ በእኔ ግን በየሳምንቱ ይብስብኝ ነበር፤ ቢሆንም መዋሸቱን አልተውኩም።

አንድ ቀን ዕቃውን አሻሽላ መጣች። ማንገቻው ትከሻ እንዳይቆርጥ ጭነቱን ወደ ወገብ የሚያወርድ ሰፊ ጠፍር ጨምራበታለች። «ይኼንንም ጨምርልኝ። ያንን ብቻ አይተው እንዳይፈርዱ» አለች። ምን ላድርግ? ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ለማንም የማይሄድ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በጥሞና ሰማች፤ አንድ ቦታ «ወገብ ላይ ሳይሆን ከወገብ ከፍ ብሎ በል» ብላ አረመችኝ፤ አረምኩ። ጣቷን ቀለም ላይ አድርጋ ከግርጌው ረገጠች። ስትወጣ ወረቀቱን ከደብዳቤው ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቅሁም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የገበያው ነው። አንድ ነጋዴ ከሌላ ከተማ በብረት የተሠሩ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ መሸከሚያዎች ጭኖ አመጣ። ወሬውን ሰምታ ሱቄ መጣችና «ና ተከተለኝ» አለችኝ። ሄድን። አንዱን አነሣች፤ ገለበጠችው፤ ገመዱን ሳበች፤ ማጠፊያውን በጣቷ ዳሰሰች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም፤ ፊቷ ነው የተለወጠው።

«አንተ ልጅ፣ የኋላው ማጠፊያ ወደ ውስጥ ነው የሚታጠፈው» አለችው ነጋዴውን። «ወደ ውጭ መሆን አለበት። ሴትዮዋ ስትገባበት ይከዳታል። ይጥላታል።»

«አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ እማ? ይኼ በባለሙያ የተሠራ ነው።»

«ወላሂ ይጥላታል እልሃለሁ! ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?»

«ካልገዛሽ ለሚገዛ ቦታ ልቀቂ በቃ።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት!» አለች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዙሪያው ያለ ሰው ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ አንዲት ደካማ እናት ስትቀባጥር ሰምተው ነው። ነጋዴውም ሳቀ። እሷ ወደኔ ዞረች። የተማርኩት እኔ ነኝ፣ አንደበት ያለኝ እኔ ነኝ፣ ብዙዎቹ ያውቁኛል። አንድ ቃል ይጠብቃል ፊቷ። እኔ ግን ነጋዴው ወረቀቱ የት ነው ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። መሬት መሬት አየሁ።

ወደ ሱቁ ተመለስን። ደጃፉ ላይ ስትደርስ «ወረቀቱ ቢኖር ይሰማኝ ነበር» አለች። «ስሜን ብዬ አይደለም ታዴ። ያንን ማጠፊያ ያስተካክለው ነበር።» ያን ቀን አልተቀመጠችም፤ ወንበሩንም አልነቀነቀችም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ገበያ መጣች፤ ሦስተኛው ላይ ቀረች። አሟታል አሉ። ልጠይቃት ይገባ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከአልጋዋ ቀና ብላ «መጣ?» እንዳትለኝ ሰግቼ ነው። እንዲህ እንዳለሁ ያቺ ውሃ የተሸከመች ሴት ደጃፌ ላይ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ለዱዓ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት መሳቢያውን ከፍቼ ደብዳቤውን አወጣሁና ደረት ኪሴ ከተትኩት። ለከዲጃ እነግራታለሁ፤ ትስደበኝ፤ ትትፋብኝ፤ ብቻ ይውጣልኝ ብዬ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ ከሼሁ ጋር በዳሱ ሥር። ቤቱ ተለስኗል። በሩ ክፍት ስለነበር ከፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ አየሁት፤ ሁሉም ቦታ ወይ ስፌት ወይ ሥዕል ተሰቅሎበታል፤ መሐሉ ላይ ግን ወረቀት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ።

ከዲጃን ወደ ጓሮ ጠራኋት። «አላህ ያጥናሽ» አልኳት። ከዚያ ደብዳቤውን አውጥቼ ዘረጋሁ። «ይኼውልሽ ከዲጃ፣ ይኼ ወረቀት…»

ከዲጃ ፊደል አልቆጠረችም። ያየችው ማኅተሙን ነው። ከእጄ ነጠቀችኝ፤ ማኅተሙን ሳመችው፤ ግንባሯ ላይ አደረገችው፤ እዚያው ጓሮው ውስጥ ቁጭ አለች። «አልሐምዱሊላህ! መጣ! እማዬ፣ መጣልሽ እኮ! ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ቀደምሽው!» ለቅሶዋን የሰሙ ሴቶች ሮጡ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ቆይ ከዲጃ፣ ስሚኝ» አልኩ፤ ሁለት ጊዜ አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ሴቶቹ እያለቀሱ እልል አሉ። ለቅሶ ቤት እልልታ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሼሁ ምንድን ነው አሉ። ነገሯቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ መልሰው አራቁት። «የኔስ ዓይን ደክሟል» አሉ። «የደከመላት ታደሰ ነው፤ እሱው ያንብብልንና ዱዓ እናድርግላት።»

ቦኖው አጠገብ ጣታቸውን ያስነከርኳቸው ሴቶች ሁሉ አሉ። ሁለት ልጅ ወልጄበታለሁ ያለችኝ ከፊት ቆማለች። ከዲጃ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም። ማንበብ ጀመርኩ።

«ወይዘሮ ዘሐራ ያለ ሌላ ሰው ርዳታ ውሃ ለመሸከም የሚያስችል፣ የሚታጠፉ አራት እግሮች ያሉት የጀሪካን መሸከሚያ ፈጥረው…» ስሟን ስጠራ ሴቶቹ «አላህ ይማራት» አሉ። «…መሸከሚያው ጠቃሚና በሥራ ላይ ሊውል የሚችል ነው።»

የሚቀጥለው ቃል «ሆኖም» ነው። ዓይኔ አየው። አፌ እንቢ አለኝ።

«አሚን» አሉ ሼሁ፣ ያለቀ መስሏቸው። «አሚን» አለ ግቢው።

ከፊት ያለችው ሴት አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየች። «ሌላም ጽሑፍ አለበት እኮ። አለቀ?»

«አለቀ» አልኩ።

ከዲጃ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፤ እንዳይጨማደድ በሁለት መዳፏ ይዛ ገብታ አስቀመጠችው። «ነገ ቆቦ ወስጄ መስታወት አስገባለታለሁ፤ ቦታው እንደሆነ ተዘጋጅቷል» አለችኝ ስትመለስ። «አላህ ውለታህን ይክፈልህ ታዴ። እሷ ሁሌም እሱ አለልኝ ትል ነበር።» ለእንግዶቹ ውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ የሚሆን ውሃ አልቆ ነበርና ከግድግዳው ሥር ወደ ቆመው ወደ እናቷ መሸከሚያ ሄደች። ባዶውን ጀሪካን አስቀመጠችበት፤ ማጠፊያውን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ ማንገቻውን ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ገባችበትና ማንንም ሳትጠራ ቀና ብላ ወደ ቦኖው ሄደች።